ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣ መርዛማ አየርና ሕጉ፤ ከአል-ጀይሊ እስከ መተማ

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት እንጂ የነዳጅ ማጣሪያ አገር አይደለችም። ሆኖም ከማጣሪያ የወጣ ነዳጅ ለብዙ ዓመታት ከተማይቱን እያቋረጠ አልፏል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ከካርቱም በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከአል-ጀይሊ ማጣሪያ የተቀዳ ቤንዚን በቦቴ መኪና ተጭኖ፣ ገዳሪፍን አልፎ፣ በጋላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ነበር። ቦቴ በሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ሻይ ቤት አለ፤ ጎማ ቤት አለ፤ ማደያ አለ፤ ጀሪካን ደርድሮ የሚሸጥ ልጅም አይጠፋም። ስለዚህ ማጣሪያ የሚያወጣው መርዛማ አየርና መንግሥታት ይህንን አየር የሚቆጣጠሩበት ሕግ የድንበሩን ሰው አይመለከተውም ማለት አይቻልም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪዎች የማጣሪያ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ጭሱ ነው። ጥቁር ጭስ በዓይን ስለሚታይ ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ በይበልጥ ልናስረዳ የምንፈልገው ግን ስለማይታየው አየር ነው። የማይታየውን ነገር የሚቆጣጠር ሕግ የግድ የሚለካ ሕግ መሆን አለበት። አንድ መንግሥት «አየር መበከል ክልክል ነው» ብሎ ቢያውጅ መልካም ነው፤ በማጣሪያው አጥር ላይ የሚለካ መሣሪያና ውጤቱን የሚያነብ ሰው ከሌለ ግን አዋጁ ከወረቀት አይወርድም።

ስለ ስሞቹ ጥቂት ማብራሪያ

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት የቃላትን ነገር ማጥራት ይኖርብናል፤ መምህራን በክፍል ውስጥ የሚቸገሩበት ነውና። በአማርኛ ቤንዚን ስንል የመኪና ነዳጅ ማለታችን ነው። ኬሚስቶች ደግሞ ስድስት የካርቦንና ስድስት የሃይድሮጅን አቶሞች በቀለበት ተያይዘው የሚሠሩትን ውሑድ በተቀራራቢ ስም ይጠሩታል። ሁለቱ እንዳይምታቱ በዚህ ጽሑፍ ነዳጁን ቤንዚን፣ ኬሚካሉን ቤንዜን እንላለን። ቤንዜን በቤንዚን ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል፤ ቤንዚን ግን የብዙ ውሑዶች ድብልቅ ነው።

ናፍጣም እንዲሁ ነው። እኛ ናፍጣ የምንለው የከባድ መኪናና የትራክተር ነዳጅ ሲሆን፣ የማጣሪያ መሐንዲሶች ይህንኑ የመሰለ ስም የሚሰጡት ከቤንዚን ጋር ለሚቀራረበው ቀላል ፈሳሽ ነው። ከዚህም በላይ ገዳሪፍ ያደገ ተማሪ ገበያ ውስጥ «ጃዞሊን» ሲባል የሚሰማው ናፍጣን ነው፤ በአሜሪካ መጻሕፍት ግን ጋዞሊን ማለት ቤንዚን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ልጆች ሲቀመጡ አንዱ ናፍጣ ሲል ሌላው ቤንዚን ይረዳል። መምህሩ ይህንን አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ቢጽፈው ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ማጣሪያው ወደ አየር የሚለቀው ምንድን ነው?

ያልተጣራው ዘይት በምድጃ እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቅና በረጅም ግንብ ውስጥ እየተነነ በየደረጃው ይለያያል። ቀላሉ ከላይ፣ ከባዱ ከታች ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከባዱን የሚሰባብሩ፣ የቤንዚኑንም ጥራት የሚያሻሽሉ ሌሎች ክፍሎች አሉ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ወደ አየር የሚወጣው ነገር በሦስት መንገድ ይወጣል ብንል አንሳሳትም።

የመጀመሪያው ከምድጃዎቹ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ነው። ዘይቱ ድኝ ካለበት ድኙ ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ጉሮሮና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው። ሁለተኛው ትርፍ ጋዝ የሚቃጠልበት የችቦ ምሰሶ ነው። ችቦው በደንብ ሲነድ አብዛኛውን ጋዝ አቃጥሎ ይጨርሳል፤ ነፋስ ሲያዛባው ወይም እንፋሎት ከመጠን በላይ ሲጨመርበት ግን ያልተቃጠለው ጋዝ እንዳለ ይበተናል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ይበልጥ የሚዘነጋው ነው፤ ማፍሰስ። በአንድ ትልቅ ማጣሪያ ውስጥ ቫልቩ፣ የቧንቧው መጋጠሚያ፣ የፓምፑ ማሸጊያ፣ የናሙና መቅጃው ሁሉ ቢቆጠር በአሥር ሺሕዎች ይደርሳል። እያንዳንዱ በጣም ጥቂት ቢያፈስ ድምሩ ከጭስ ማውጫው ሊበልጥ ይችላል። የማጠራቀሚያ ጋኖቹ ክዳን፣ የቆሻሻ ውኃ ቦዩ፣ ቦቴዎች የሚሞሉበት ጣቢያም ከዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ። ከነዚህ ቦታዎች የሚወጣው ትነት ቀለም የለውም። ቤንዜን፣ ቶሉዊንና ዛይሊን የሚባሉት ውሑዶች ያሉት በዚህ ውስጥ ነው።

ከነዚህ መካከል በሕግ ፊት በይበልጥ የሚታወቀው ቤንዜን ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የሰውን ልጅ ለካንሰር እንደሚዳርጉ ከተረጋገጡት በአንደኛው ምድብ አስቀምጦታል። የሚያጠቃውም ደም የሚሠራበትን የአጥንት መቅኔ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ የተነፈሰው ሰው የደም ማነስና ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር ሊያገኘው ይችላል። በሽታው ከዓመታት በኋላ ስለሚመጣ ዛሬ ጣፋጭ ሽታ አሸትቶ የዋለው ሠራተኛ ነገ ጤነኛ ሆኖ ይነሣል። ጉዳቱን ከምክንያቱ ጋር ለማገናኘት የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን ሁለት ነገሮችን በቀላሉ ማስላት ይችላሉ። አንደኛው ክብደት ነው። የቤንዜን ሞለኪውላዊ ክብደት 78፣ የአየር አማካይ 29 ነው። ሲካፈል 2.7 ያህል ይመጣል። ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ቦታ የጠራው የቤንዜን ትነት ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ጉድጓድና ምድር ቤት ውስጥ ይተኛል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቤንዜን በ20 ዲግሪ የሚኖረው የትነት ግፊት ወደ 10 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ በ40 ዲግሪ ወደ 24 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በሚያዝያና በግንቦት የገዳሪፍን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው 40 ዲግሪ እንግዳ ቁጥር አይደለም። በአውሮፓ ብርድ የተጻፈ የጥንቃቄ መመሪያ በዚህ አገር እንዳለ ቢወሰድ እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል።

አንዳንድ ሰዎች የሱዳን ዘይት ድኝ ስለሌለበት ንጹሕ ነው ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። «ናይል ብሌንድ» የሚባለው የሱዳን ዘይት የድኙ መጠን በጣም አነስተኛ በመሆኑ የሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ጉዳይ ይቀልላል። የቤንዜኑ ጉዳይ ግን ከድኝ ጋር ግንኙነት የለውም። እንዲያውም ሌላ ነገር አለ። ቀድሞ የቤንዚን ጥራት የሚሻሻለው እርሳስ በመጨመር ነበር። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስቀረት ተስማሙና በ2006 መጀመሪያ ፈጸሙት፤ ሱዳንም ቀድመው ከተላቀቁት አንዷ ነበረች። ይህ ለሕፃናት አእምሮ ትልቅ ድል ነው። ዳሩ ግን እርሳስ ሲወጣ ማጣሪያዎች ጥራቱን የሚጠብቁት ቀለበት ያላቸውን ውሑዶች በማብዛት ሆነ፤ ከነዚህም አንዱ ቤንዜን ነው። የአውሮፓ ማኅበር ከ2000 ጀምሮ በቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዜን ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱን መርዝ ስታወጣ ምን እንደምትተካበት መጠየቅ አለብህ ማለት ነው።

ሕጉ እንዴት መለካት እንደ ተማረ

በማጣሪያ አየር ላይ በዝርዝር የተጻፈ ሕግ ለማየት ወደ አሜሪካ መሄድ ያስፈልጋል። ይህን የምናደርገው የእነሱን አገር ለማመስገን አይደለም፤ የተሳሳቱበትና ያረሙበት መንገድ በግልጽ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ለትምህርት ይመቻል።

በ1970 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ መንግሥት መርዛማ የሆኑትን የአየር በካዮች አንድ በአንድ እየመረመረ፣ ለጤና የማያሠጋውን መጠን እየወሰነ ደንብ እንዲያወጣ አዘዘ። ሐሳቡ የሚያስደስት ነበር። ነገር ግን ካንሰር ለሚያመጣ ንጥረ ነገር «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» ብሎ መጠን መቁረጥ ከባድ ነው። ሐኪሞች ተከራከሩ፤ ጠበቆች ተከራከሩ፤ ፋብሪካዎች ከሰሱ። በ20 ዓመት ውስጥ ደንብ የወጣላቸው ንጥረ ነገሮች 7 ብቻ ነበሩ። ቤንዜን ከ7ቱ አንዱ ነበረ።

በ1990 ሕጉ ሲሻሻል መንገዱ ተለወጠ። ምክር ቤቱ ራሱ 189 ንጥረ ነገሮችን በስም ዘረዘረና ጥያቄውን ገለበጠው። ምን ያህል ቢሆን አይጎዳም ከማለት ይልቅ፣ በአንድ የሥራ ዘርፍ ካሉት ፋብሪካዎች የተሻሉት 12 በመቶ ምን ያህል መቀነስ ችለዋል ብሎ ጠየቀ። ሌሎቹም ቢያንስ የእነዚያን አማካይ እንዲደርሱ ተገደዱ። ይህ አካሄድ ለመምህር እንግዳ አይደለም፤ የክፍሉ ጎበዞች የሠሩትን ሒሳብ ሌላው ተማሪ «አይቻልም» ሊል አይችልም። ለማጣሪያዎች የመጀመሪያው ደንብ በ1995፣ ሁለተኛው በ2002 ወጣ። የጋኖቹ ክዳን በዘይቱ ላይ የሚንሳፈፍና ዳር ዳሩ የታሸገ እንዲሆን፣ ቫልቮቹ በመሣሪያ እየተሸተቱ የሚያፈስሰው በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲጠገን፣ የችቦው አነዳድ እንዲጠበቅ ታዘዘ።

አሁንም አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። ማጣሪያዎቹ ለመንግሥት የሚያቀርቡት ዘገባ በአብዛኛው በስሌት የተገኘ ነበረ። ይህን ያህል ቫልቭ አለን፤ አንድ ቫልቭ በአማካይ ይህን ያህል ያፈስሳል፤ ስለዚህ ድምሩ ይህ ነው ይባላል። የተሰበረ ክዳን ግን አማካይ አያውቅም። በአጥሩ ማዶ ያሉት ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹም ድሆች፣ ወረቀቱ ከሚለው በላይ እንደሚሸታቸው ለብዙ ዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል።

በ2015 የወጣው ደንብ ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን የሞከረበት ዘዴ እጅግ ቀላል ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንገልጸዋለን። ማጣሪያው በአጥሩ ዙሪያ፣ እንደ ስፋቱ ከ12 እስከ 24 በሚደርሱ ቦታዎች፣ የጣት ያህል ርዝመት ያላቸውን የብረት ቱቦዎች እንዲሰቅል ታዘዘ። በቱቦው ውስጥ ቤንዜንን የሚይዝ ዱቄት አለ። ቱቦው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ፓምፕ አይፈልግም፤ አየሩ በራሱ እየገባ ቤንዜኑን እዚያው ይተዋል። ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ተነቅሎ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ በምትኩ ሌላ ይሰቀላል። በዓመት 26 ጊዜ ይለካል ማለት ነው።

ማጣሪያው «ይህ ቤንዜን ከመንገዱ መኪና የመጣ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» እንዳይል ደግሞ አንድ ብልሃት ተጨመረ። በእያንዳንዱ ሁለት ሳምንት በአጥሩ ዙሪያ ከተገኙት ቁጥሮች ትልቁ ላይ ትንሹ ይቀነሳል። ለማስተማሪያ እንዲሆን ቁጥር ብንሰጥ፣ ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል 14 ማይክሮግራም በአንድ ሜትር ኩብ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል 2 ማይክሮግራም ቢገኝ፣ 2ቱ ከውጭ የመጣ ነው ተብሎ ይተውና 12ቱ በማጣሪያው ላይ ይቆጠራል። የአንድ ዓመቱ ልዩነቶች አማካይ ከ9 ማይክሮግራም ከበለጠ ማጣሪያው ምክንያቱን ፈልጎ የማረም ግዴታ አለበት። ልኬቱ በ2018 ተጀመረ፤ ውጤቱም ከ2019 ጀምሮ ማንም ሰው እንዲያየው ለሕዝብ ተከፈተ። በወረቀት ደህና የነበሩ አንዳንድ ማጣሪያዎች በአጥራቸው ላይ ከ9 በላይ ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። 9 ማይክሮግራም «ከዚህ በታች ጤና ነው» የሚል ወሰን አይደለም፤ ተነሥተህ ቀዳዳውን ፈልግ የሚል ደወል ነው። ሁለተኛ፣ የሰው አፍንጫ ቤንዜንን መለየት የሚጀምርበት መጠን ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። «አልሸተተኝም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። በሌላ በኩል የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱም ይታወቃል፤ በጣም ሲበዛ ግን የማሽተቻውን ሕዋስ ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። በማጣሪያና በጉድጓድ ሥራ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ነው።

አል-ጀይሊ፤ ሕግ ከምድጃው በኋላ ሲመጣ

ሱዳን የመጀመሪያውን ትልቅ ማጣሪያዋን በፖርት ሱዳን የከፈተችው በ1964 ነው። ዘይቱ ያን ጊዜ ከውጭ በመርከብ ይመጣ ነበር። የራሷን ዘይት ከሄግሊግ እስከ ቀይ ባሕር በሚደርስ 1,600 ኪሎ ሜትር በሚሆን ቧንቧ ወደ ውጭ መላክ የጀመረችው በ1999 ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት የአል-ጀይሊ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ማጣሪያው የሱዳን መንግሥትና የቻይና ብሔራዊ ነዳጅ ድርጅት የጋራ ንብረት ነበር። መጀመሪያ በቀን 50,000 በርሜል ያህል ያጣራ ነበር፤ በ2006 ችሎታው ወደ 100,000 በርሜል ከፍ ተደረገ።

የሱዳን የአካባቢ ጥበቃ ሕግ የወጣው በ2001 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አካባቢን ሊጎዳ የሚችል ሥራ የሚጀምር ሁሉ አስቀድሞ ጥናት ማቅረብ አለበት። ዓመቶቹን አስተያዩአቸው፤ ምድጃው በ2000 ተለኮሰ፣ «ከመለኮስህ በፊት አጥና» የሚለው ሕግ በ2001 ወጣ። ይህ በሱዳን ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። ዘይት ገንዘብ ስለሆነ የቧንቧው መሐንዲስ ከሕግ ዐዋቂው ቀድሞ ይደርሳል። የሚያሳዝነው ግን ከምድጃው በኋላ የመጣ ሕግ ሁልጊዜ «አሁን ብናፈርሰው ማን ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ደግሞ ሕግ ሊደርስበት የማይችል ሁኔታ መጣ። በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ማጣሪያው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ገባ። የሱዳን ጦር ሠራዊት ማጣሪያውን መልሶ የያዘው በጃንዋሪ 2025 ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን ግቢው በእሳት ተያይዞ ጥቁር ጭሱ ከሰማይ በሳተላይት ፎቶግራፍ ጭምር ታየ። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ተወነጃጀሉ። በሜይ 2025 በፖርት ሱዳን የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች በሰው አልባ አውሮፕላን ተመትተው ተቃጠሉ።

የማጠራቀሚያ ጋን ሲቃጠል የሚወጣው ነገር ከችቦ ምሰሶ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። አየር ስለማይበቃው ግማሽ የተቃጠለ ጥላሸት፣ ከጥላሸቱ ጋር የተጣበቁ ካንሰር አምጪ ውሑዶች፣ ቤንዜንም ጭምር ይበተናል። ለዚህ የሚሆን የአጥር ቱቦ የለም፤ ቱቦውን የሚነቅል ሰው ሸሽቷል፤ ላቦራቶሪው ተዘርፏል ወይም ተዘግቷል። የሚቀረው ጥያቄ የካሣው ነው። በ1991 ከ600 በላይ የኩዌት የዘይት ጉድጓዶች ሲቃጠሉ የተባበሩት መንግሥታት የካሣ ኮሚሽን አቋቁሞ ኢራቅን አስከፍሏል። ክፍያው ያለቀው በ2022 ሲሆን ጠቅላላው 52.4 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ለአካባቢ ጉዳት የተመደበም ነበረበት። ያ ሊሆን የቻለው ግን አንዱ አገር ሌላውን በመውረሩ ነው። በአንድ አገር ልጆች መካከል ለሚነሣ እሳት እንዲህ ያለ ኮሚሽን የለም።

የኢትዮጵያ ወገን

ኢትዮጵያም ማጣሪያ ታውቃለች። የአሰብ ማጣሪያ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተሠርቶ በ1967 ሥራ ጀመረ። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ጥቂት ቆይቶ በ1997 ተዘጋ። የኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. (2002) ስለሆነ፣ እዚህ ላይም ሕጉ ማጣሪያውን አላገኘውም።

አዋጁ ግን ሊነበብ የሚገባው ነው። የበከለ ሰው የበከለውን ራሱ እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ያዝዛል። ተቆጣጣሪዎች ያለ ቀጠሮና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ፋብሪካ ግቢ እንዲገቡ ሥልጣን ይሰጣል። ከሁሉም በላይ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ደንግጓል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በልማዳችን «አንተ ምን አገባህ?» የሚባለውን ጥያቄ ሕጉ ራሱ መልሶታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል።

ይህ ነገር አሁን ከንድፈ ሐሳብ ወጥቷል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በጎዴ ለአዲስ የነዳጅ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። እንደ አል-ጀይሊና እንደ አሰብ ሳይሆን ይኸኛው ሕጉ ቀድሞ ይጠብቀዋል። የሚንሳፈፍ ክዳን በመጀመሪያው ቀን ቢሠራ የሚያስወጣው ጥቂት ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ ጋኑን ባዶ አድርጎ ለመቀየር ግን ብዙ ያስወጣል። የአጥሩን ቱቦ ከመክፈቻው በፊት መስቀል ሌላ ጥቅም አለው፤ ማጣሪያው ከመጀመሩ በፊት አየሩ እንዴት እንደነበረ መዝገብ ይገኛል። ይህ መዝገብ የሌለው አገር በኋላ ክስ ቢያቀርብ «ድሮም እንዲህ ነበረ» ተብሎ ይመለሳል። ቱቦው ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ላቦራቶሪውና ውጤቱን ለሕዝብ ለመግለጽ ያለው ፈቃደኝነት ነው።

አጥር የሌለው ማጣሪያ

አሁን ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ እንመለስ። ዛሬ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ነዳጅ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው። ያም ሆነ ይህ በድንበሩ ላይ ነዳጅ በቦቴ፣ በበርሜልና በጀሪካን ይዘዋወራል፤ በጦርነቱ ምክንያት የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ በብዛት ሲገባ ደግሞ የጄኔሬተሩም የገበያውም ፍላጎት ጨምሯል። ከማጣሪያው በር የወጣ ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዜን አብሮት ይጓዛል። በማጣሪያው ዙሪያ አጥር አለ፤ አጥር ላይ ቱቦ ሊሰቀል ይችላል። በመንገድ ዳር ለሚሸጥ ጀሪካን ግን አጥሩ የት ነው?

ቀላል የሆነውን የፊዚክስ ነገር እንመልከት። ባዶ የሚመስል ጋን ባዶ አይደለም፤ በትነት የተሞላ ነው። 40,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ወደ ማደያው የምድር ጋን ሲገለበጥ 40,000 ሊትር ትነት ያለበት አየር በመተንፈሻው በኩል ተገፍቶ ይወጣል። በብዙ አገሮች ደንብ ቦቴው ሁለት ቱቦ እንዲኖረው ያስገድዳል። በአንዱ ፈሳሹ ይወርዳል፤ በሌላው ትነቱ ወደ ቦቴው ይመለስና ወደ ማጣሪያው ተወስዶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ነጋዴውም ይጠቀማል፤ የሚተነው የራሱ ቤንዚን ነውና። 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ልጅም እንደዚሁ 20 ሊትር ትነት ወደ ፊቱ ይገፋበታል፤ ጎንበስ ብሎ መሙላቱን ሲያይ አፍንጫው ከአፉ አጠገብ ነው። በቀን 30 ጀሪካን ቢሞላ ምን ያህል እንደሚሆን ተማሪዎች ያስሉት።

በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ ቤንዚን መቅዳት ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባውን ያቆስላል፤ ሰውዬው በዚያው ቀን ሊታፈን ይችላል። የዋጠ ሰው ቢያጋጥም እንዲያስመልሰው ማድረግ አይገባም፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው የሚገባበት ዕድል ይጨምራልና ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፓምፕ በገበያ ይገኛል፤ ዋጋውም ከአንድ የሐኪም ቤት ቀን አይበልጥም። እጅን በቤንዚን መታጠብም በጎማ ቤቶችና በጋራዦች የተለመደ ነው፤ ቤንዜን በቆዳም ይገባል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ የጄኔሬተራቸውን ነዳጅ ከመማሪያ ክፍል ጋር በሚገናኝ ጓዳ እንዳያስቀምጡ እንመክራለን፤ ከላይ እንዳልነው ትነቱ ከባድ ስለሆነ በበሩ ሥር ይገባል።

ማደያ ወይም የነዳጅ ማከማቻ በትምህርት ቤት አጠገብ ሊሠራ ሲታሰብ የጂኦግራፊ መምህራን የሚሰጡት አስተያየት ዋጋ አለው። በገዳሪፍና በመተማ ቆላ በበጋው ወራት ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ በክረምት ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ዝናብ ይዞ ይመጣል። ትምህርት በሚሰጥባቸው በጋማ ወራት ማከማቻው ከትምህርት ቤቱ በስተሰሜን ምሥራቅ ከሆነ ትነቱ ወደ ክፍሎቹ ይነፍሳል፤ ከምሥራቅ ወይም ከምዕራብ ጎን ከሆነ በሁለቱም ወቅት ከፊሉ በጎን ያልፋል። አንድ ጨርቅ በእንጨት ላይ አስሮ በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ የነፋሱን አቅጣጫ መመዝገብ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ከባድ ሥራ አይደለም። የአንድ ዓመቱ መዝገብ በአቤቱታ ወረቀት ላይ ተያይዞ ሊቀርብ ይችላል።